ዝምተኛው በሽታ፦ ከውሽባ እስከ ደም ምርመራ

ዛሬ የምናነሳው ርዕስ በብዙ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንኳ የማይነሳ ነው። የአባላዘር በሽታዎችን ይመለከታል። አባት ከልጁ፣ ሚስት ከባሏ ጋር ቁጭ ብለው የሚጨዋወቱበት ጉዳይ ባለመሆኑ «ይህ ለቤተሰብ መጽሔት ይሆናልን?» ብለው ቢጠይቁ አያስደንቅም። ነገር ግን ሐያእ ሰውን ከዕውቀት የሚያግድ አጥር ሆኖ አያውቅም። የመዲና አንሷር ሴቶች ሰውነታቸውን የሚመለከተውን ነገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርበው ይጠይቁ እንደነበር፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በዚሁ እንዳመሰገነቻቸው የታወቀ ነው። እኛም በዚያው አደብ ሆነን የእነዚህን በሽታዎች ታሪክ ከዓለም እስከ አርሲ ደጋ እንቃኛለን።

ታሪኩን መመርመር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። እነዚህ በሽታዎች የሰውን ልጅ ለአምስት መቶ ዓመታት ያታለሉት በአንድ ዘዴ ነው፤ እርሱም ዝምታ ነው። ቁስሉ ይደርቃል፣ ፈሳሹ ይቆማል፣ ሰውየውም «ዳንኩ» ይላል። በሽታው ግን በደሙ ውስጥ ተቀምጦ ሚስቱን፣ ከሚስቱም ማሕፀን ያለውን ልጅ ይጠብቃል። ይህን የተረዳ ሰው የጥንት አባቶቻችን በመድኃኒታቸው ለምን እንደተማመኑ፣ የዛሬ ሐኪሞችም ምልክት ለሌላት እናት «ደምሽን እንመርምር» የሚሉት ለምን እንደሆነ ይገባዋል። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።)

የሌላ ሰው በሽታ

አርሲ ውስጥ እነዚህ በሽታዎች በሁለት ቋንቋ ይጠራሉ። በአማርኛ ቂጥኝ የምንለውን በኦሮምኛ ፋንጦ ይሉታል፤ ጨብጥን ደግሞ ጮብጦ። ከእነርሱ ጎን ለጎን ብልት ላይ የሚያም ቁስል የሚያወጣው ከርክር፣ ብሽሽት ላይ እብጠት የሚያስነሳው ባምቡሌ አሉ። ሕዝብ ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም መስጠቱ ብዙ ያሳያል። በሽታዎቹ ባይወሩም ይታወቁ ነበር ማለት ነው።

በዓለም ታሪክ ቂጥኝ በታላቅ ወረርሽኝነት የተመዘገበው በ1495 ገደማ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 8ኛ ሠራዊት የኢጣልያን ከተማ ኔፕልስን በያዘበት ወቅት በወታደሮቹ መካከል አስፈሪ ቁስል ተነሣ። ሠራዊቱ ሲበተን በሽታውም አብሮ ተበተነ። ኢጣልያኖች «የፈረንሳይ በሽታ» አሉት፤ ፈረንሳዮች «የኔፕልስ በሽታ» አሉት። ወደ ሙስሊሙ ዓለም ሲዘልቅ ደግሞ ፍራንኮች ወይም ፈረንጆች ያመጡት ቁስል ተብሎ ተጠራ። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፋርስ የራይ ከተማ ሐኪም የነበረው በሃኡ ደውላ ስለዚህ አዲስ በሽታ በሕክምና መጽሐፉ ጽፏል። በሙስሊሙ ዓለም ስለ ቂጥኝ ከተጻፉት ቀደምት መግለጫዎች አንዱ የእርሱ ነው።

እያንዳንዱ ሕዝብ በሽታውን በጎረቤቱ ስም ሲጠራ ይመለከቷል? ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በየመንደሩ በሽታው ሁልጊዜ «የእነርሱ» ነው። የከተማ ሰዎች፣ የሾፌሮች፣ የወታደሮች፣ የሴተኛ አዳሪዎች ነው ይባላል። «የእኛ» የሚል ስለማይኖር መርማሪም አይኖርም።

ውሽባ፣ ፍልውሃና እንዶድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ለቂጥኝ ከሚታወቁት ሕክምናዎች ዋነኛው ውሽባ ነበር። ቃሉ ለአረብኛ አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ ዑሽባ ማለት ሣር ወይም ተክል ማለት ሲሆን መድኃኒቱም ሳርሳፓሪላ የተባለ የባሕር ማዶ ተክል ሥር ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። በነጋዴዎች እጅ የዓለምን ባሕር ተሻግሮ፣ የአረብኛ ስም ይዞ ወደ አገራችን ገባ። ታማሚው ከሰው ተለይቶ ክፍል ውስጥ ይዘጋበታል፤ ምግቡ ይመጠናል፤ የሥሩን ውሃ እየጠጣ ለሳምንታት ያልበዋል። ሀብት ያለው ሰው ይህን ያደርጋል፤ የሌለው ደግሞ በአካባቢው ቅጠልና ሥር ይታከማል።

ሌላው መሸሸጊያ ፍልውሃ ነበር። ከአርሲ ደጋ ቁልቁል ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርዱ የሚገኘው ሶደሬ ከመዝናኛነቱ ባሻገር ቆዳው የቆሰለና መገጣጠሚያው የታመመ ሁሉ ፈውስ የሚፈልግበት ቦታ ነው። አዲስ አበባም የተመሠረተችው ፍልውሃን ተጠግታ ነው። ለጨብጥ ደግሞ በአገራችን የባህል ሕክምና እንዶድ ከሚጠጡት ነገሮች አንዱ ነው። እንዶድ ልብስ የሚያጠራ ተክል ቢሆንም ሲጠጣ መርዝነት ስላለው ብዙ ሰው ጎድቷል።

በአውሮፓና በምሥራቁ ዓለም ሐኪሞች ለአራት መቶ ዓመታት የተማመኑት በባዜቃ ነበር። ሰውነትን በባዜቃ ይቀቡታል፣ ጢሱንም ያጥኑታል። ታማሚው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል። ብዙዎችን ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ገደላቸው።

ውድ አንባቢ! «ታዲያ ይህ ሁሉ ካልሠራ ሰዎች ለምን ዘመናት ሙሉ ተጠቀሙበት?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። መልሱ በበሽታው ጠባይ ውስጥ ነው። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም፤ ምንም መድኃኒት ባይደረግለትም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በሰውነት ላይ ሽፍታ ይወጣ ይሆናል፤ እርሱም ራሱ ይጠፋል። ስለሆነም ለሳምንታት ውሽባ የገባ ሰው ሲወጣ ቁስሉን ያጣዋል። ፍልውሃ የወረደም ደርቆለት ይመለሳል። ምስጋናው ለሥሩና ለውሃው ሆነ፤ የዳነ ግን አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ልቡን ወይም አእምሮውን ሲመታው ያንን የድሮ ቁስል የሚያስታውስ አይገኝም። ሚስቱ ልጅ በልጅ ላይ ስታስወርድም «ዓይነ ጥላ» ይባል ነበር።

ስለ ጨብጥ አመጣጥ የሚነገረውም እንዲሁ ነው። ጨረቃ ፊት ሽንት በመሽናት ወይም ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ይይዛል የሚል እምነት በብዙ የአገራችን ክፍል ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ይህ አባባል ባልን ከሐፍረት አዳነው፤ ሚስቱን ግን ከሕክምና ከለከላት። ምክንያቱ ጨረቃ ከሆነ እርሷን ማን ይመረምራታል?

መንገድና ሠራዊት

አርሲ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከዓመታት ውጊያ በኋላ በ1886 ተያዘች። ከዚያ በኋላ የወታደር ሰፈሮችና ገበያዎች በደጋው ላይ በቀሉ። የባቡሩ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ የአርሲ በር ሆነች። ከ1936 እስከ 1941 የኢጣልያ ወረራ መጣ። አሰላም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ሆነች። በ1967 ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች «ካዱ» የሚሉት፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ መንገድና ትራክተር ወደ ደጋው ገቡ። ከአብዮቱ በኋላ ሰፋፊ የመንግሥት የስንዴ እርሻዎች ተከፈቱ።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ልማትን ለመውቀስ አይደለም። የአባላዘር በሽታ በዓለም ሁሉ የሚከተለው አንድ መንገድ ስላለ ነው። ወንዶች ከሚስቶቻቸው ተለይተው በብዛት ወደሚሰበሰቡበት፣ ጦር ሰፈርም ይሁን የመኸር ሠራተኛ መጠለያ ወይም የጭነት መኪና ማደሪያ፣ ድሆች ሴቶችም እንጀራ ፍለጋ ይሰበሰባሉ። ከዚያ በሽታው በሰውየው ደም ተሸሽጎ ወደ ሩቅ የገጠር ቤት ይገባል። ከቤቷ ርቃ የማታውቅ ሴት የምትያዘው በዚህ መንገድ ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን ሲገባም ሐኪሞች ከመጀመሪያው ያገኙት ይህንኑ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል በአዲስ አበባ ሆስፒታል ከፈተ። ዶክተር መራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም ደግሞ በ1910 በአዲስ አበባ ፋርማሲ ከፍቶ ሲሠራ ቆይቶ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የቂጥኝን መስፋፋት አንስቷል።

ከማይክሮስኮፕ እስከ መርፌ

የሳይንሱ ታሪክ ራሱ በስሕተት የጀመረ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ጨብጥና ቂጥኝ አንድ በሽታ መስለዋቸው ነበር። በ1838 ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ሪኮር ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። በ1879 ጀርመናዊው አልበርት ናይሰር የጨብጥን ጀርም በማይክሮስኮፕ አየ። በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን በበርሊን የቂጥኝን ጀርም አገኙ። እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ፣ ቀጭንና ፈዛዛ ተሕዋስ ነው። በዓመቱ በ1906 ቫሰርማንና ባልደረቦቹ የደም ምርመራውን አወጡ።

ይህ የደም ምርመራ ከመድኃኒቱ ባላነሰ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪሙ የሚያውቀው ያየውን ቁስል ብቻ ነበር። ከ1906 በኋላ ግን ቁስሉ ደርቆ ዝም ያለው በሽታ ከደም ውስጥ እንዲናገር ተደረገ። ዝምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክር ተጠራበት።

በ1910 ፓውል ኤርሊሽ ከጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ጋር ያዘጋጀው ሳልቫርሳን ለገበያ ቀረበ። ከአርሴኒክ የተሠራ፣ 606 በሚል ቁጥር የታወቀ መድኃኒት ነበር። ሕክምናው ረጅምና አሠቃቂ ቢሆንም ከባዜቃ ይሻል ነበር። የሁሉም መደምደሚያ የሆነው ፔኒሲሊን ነው። በ1943 በአሜሪካ ጆን ማሆኒና ባልደረቦቹ አራት የቂጥኝ ታማሚዎችን በፔኒሲሊን አክመው ውጤቱን አስታወቁ። ከዓመታት በኋላ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተሠራ። ዛሬም ገና የጀመረ ቂጥኝ በአንድ ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ተወግቶ ይድናል፤ የቆየው ደግሞ በየሳምንቱ ለሦስት ጊዜ ይወጋል። መርፌው ያማል፤ ዋጋው ግን አነስተኛ ነው። ከሰማንያ ዓመት በኋላም የቂጥኝ ጀርም ፔኒሲሊንን መቋቋም አልቻለም።

ሆኖም መድኃኒት መገኘቱ ብቻውን ሰውን እንደማያድን የሚያስተምር መራራ ታሪክ አለ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በተባለ ቦታ፣ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት በ1932 በ600 ጥቁር ወንዶች ላይ ጥናት ጀመሩ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «ደማችሁ መጥፎ ነው» ከመባል በቀር እውነቱ አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሆን ተብሎ ተከለከሉ፤ በሽታው እስከ ሞት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነበር። ሚስቶቻቸው ተያዙ፣ ልጆችም ከበሽታው ጋር ተወለዱ። ጥናቱ የቆመው በ1972 ጉዳዩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ሲሆን ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1997 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ታማሚ ስለ ራሱ ሕመም እውነቱን የማወቅ መብት እንዳለው ዓለም የተማረው እንዲህ ባለ ዋጋ ነው።

የጨብጥ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ጨብጥ እንደ ቂጥኝ ለመድኃኒት የሚሸነፍ አልሆነም። በ1930ዎቹ በሰልፋ መድኃኒቶች ይድን ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ለመዳቸው። በፔኒሲሊን ተተካ፤ በ1976 ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ጨብጥ ተገኘ። ከዚያ ቴትራሳይክሊን፣ ከዚያም ሲፕሮፍሎክሳሲን ኃይላቸው ደከመ። ዛሬ ሐኪሞች በዋነኛነት የቀራቸው ሴፍትሪያክሰን የተባለው መርፌ ነው። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ፍሬ ኪኒን ገዝቶ መዋጥ ጉዳቱ ለራስ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። በግማሽ የታከመ ጨብጥ ለጎረቤት የሚተርፍ ጠንካራ ጨብጥ ይሆናል።

ምልክትን አይቶ ማከምና ድክመቱ

ላቦራቶሪ በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ምን ያድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያመጣው ዘዴ በምልክት ማከም ነው። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም መመሪያ አውጥቶለታል። ምልክቶቹ በሰባት ይመደባሉ፦ ከወንድ ብልት የሚወጣ ፈሳሽ፣ የብልት ቁስል፣ የሴት ብልት ያልተለመደ ፈሳሽ፣ የእንብርት በታች ሕመም፣ የቆለጥ ከረጢት እብጠት፣ የብሽሽት እብጠትና የአራስ ሕፃን የዓይን ብግነት። ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ያንን ሊያመጡ የሚችሉትን በሽታዎች ሁሉ የሚሸፍን መድኃኒት በዚያው ቀን ይሰጣል። ታማሚው ውጤት ለመጠበቅ ተመላልሶ አይጉላላም። ይህ ዘዴ በመላው አገሪቱ ለብዙ ሰዎች ደርሷል።

ድክመቱ ግን ቀደም ብለን ያነሳነው የጥንቱ ድክመት ነው። ምልክት የሌለውን አያይም። በተለይ በሴቶች ላይ ክላሚዲያና ጨብጥ በአብዛኛው ምንም ምልክት አያሳዩም። በሌላ በኩል ፈሳሽ ያላት ሴት ሁሉ የአባላዘር በሽታ አለባት ማለት አይደለም፤ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር ያልተያያዘ ምክንያትም ይኖረዋል። ስለዚህ ዘዴው አንዷን ያለ በሽታዋ ያክማል፣ ሌላዋን ከነበሽታዋ ይሸኛል።

ይህ በአሰላ በተግባር ተፈትኗል። የአሰላ ሆስፒታል በ2014 የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። ከጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብርም ሒርሽ የተባለ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም በከተማዋ ይሠራል። ከዚህ ትብብር የወጣና በ2018 የታተመ ጥናት ለእርግዝና ክትትል የመጡ እናቶችን በላቦራቶሪ መረመረ። ለሕመም ያልመጡ፣ ሆዳቸውን ለማስለካት የመጡ እናቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ክላሚዲያ፣ ጨብጥና ሌሎችም የተገኙባቸው ነበሩ። በምልክት ብቻ ቢታዩ ኖሮ ምንም ሳይደረግላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ስለ ክላሚዲያ አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ጀርም ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም። ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማና የብልቱ ክላሚዲያ የአንድ ጀርም የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ትራኮማ በዝንብና ባልታጠበ እጅ ይተላለፋል፤ ሌላው በግንኙነት። ለመጀመሪያው ልጃችንን ይዘን ያለ ሐፍረት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ለሁለተኛው እንደበቃለን። ጀርሙ ግን ስለ እኛ ሐፍረት የሚያውቀው ነገር የለም።

ምንም ያላጠፋው ልጅ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሕፃኑ ዕጣ ነው። እናት ቂጥኝ ኖሮባት ካልታከመች ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ እርግዝናው ጉዳት ይደርስበታል። ያስወርዳታል፣ ሞቶ ይወለዳል፣ ያለ ቀኑ ይወለዳል፣ ወይም ከበሽታው ጋር ይወለዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት በዓለም 661,000 ጽንሶችና ሕፃናት በእናት ቂጥኝ ተይዘዋል፤ 200,000 ያህሉ ሞተው የተወለዱ ወይም እንደተወለዱ የሞቱ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው በጊዜው የተደረገ የደም ምርመራና ፔኒሲሊን ነው።

የጨብጥም ጉዳት በአራስ ዓይን ላይ ነው። በ1880 በላይፕሲሽ ከተማ ካርል ክሬዴ የተባለ ሐኪም በእያንዳንዱ አራስ ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። በሆስፒታሉ ከአሥር ሕፃናት አንዱን ገደማ ይይዝ የነበረው የዓይን ብግነት ከመቶ አንድ በታች ወረደ። በአገራችን ጤና ጣቢያ አዋላጇ አራሱ እንደተወለደ ዓይኑን የምትቀባው ቴትራሳይክሊን የዚያ ልጅ ነው። ብዙ እናቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ያዩታል። አሁን እርስዎ ያውቁታል።

ምርመራው ምን ይናገራል? ምንስ አይናገርም?

ውድ አንባቢ! እስካሁን ካልነው ሁሉ ይልቅ በቤትዎ ሊያስታውሱት የሚገባው ይህ ነው። ነፍሰ ጡሯ ሚስት በክትትል ላይ ተመርምራ «ቂጥኝ አለብሽ» ስትባል በብዙ ቤት የሚቀጥለው ነገር ሕክምና አይሆንም፤ ክስ ይሆናል። ባል «ከየት አመጣሽው?» ይላል። ወላጆች ይጠራሉ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ትዳር ይፈርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ወረቀቱ ያልተናገረውን በማንበብ ነው።

የደም ምርመራው ጀርሙ በሰውነት ውስጥ አለ ወይም አንድ ጊዜ ነበረ ይላል። መቼ እንደገባ አይናገርም። ከማን እንደመጣም አይናገርም። ቂጥኝ ዝም ብሎ ብዙ ዓመት የሚቀመጥ በመሆኑ ከጋብቻ በፊት የተያዘ ባል በራሱ ላይ ምንም ሳያይ ለሚስቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። አንዳንዱ ምርመራ ደግሞ ታክሞ የዳነን ሰው እንኳ ዕድሜ ልኩን «አለ» ብሎ ያሳያል። በክትትል የምትመረመረው ሴቷ ስለሆነች መጀመሪያ የሚታወቀው በእርሷ ነው። መጀመሪያ የታወቀበት ሰው መጀመሪያ ያመጣው ሰው ነው ማለት ግን አይደለም። ያለ ማስረጃ የሴትን ክብር መንካት በሸሪዓችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ፣ አብረው ይታከሙ። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ መርፌው ከንቱ ነው፤ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ሕክምናው እስኪያልቅም ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ሐኪምም ሆነ ዘመድ ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሲትር ማለት የወንድምን ነውር መሸፈን እንጂ በሽታውን መሸፈን አይደለም። ነውሩ ይሸፈን፤ በሽታው ይታከም።

ኤች አይ ቪና የኒካሕ ምርመራ

የቀድሞዎቹ በሽታዎች በር የከፈቱለት ሌላ በሽታ በ1980ዎቹ መጣ። በአገራችን የኤች አይ ቪ ቫይረስ መኖር የታወቀው በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የተመዘገቡት በ1986 ነው። የብልት ቁስል ያለበት ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ቆዳው የተከፈተ በር ነውና። ከአርሲ ቁልቁል በሚገኘው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያና በኔዘርላንድስ ትብብር የረጅም ጊዜ ጥናት ተካሂዷል። በ2005 ደግሞ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው ጤናማ ልጅ ወልዶ ያሳድጋል።

በዚያ ዘመን በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ከጋብቻ በፊት ተመርምሮ መምጣት የተለመደ ሆነ። ብዙ ወሊዮች ኒካሕ ከማሰራቸው በፊት ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ። መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ የኤች አይ ቪ ወረቀት ስለ ቂጥኝም ሆነ ጉበትን ስለሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ ምንም አይናገርም። ዛሬ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ፈጣን መመርመሪያ ስላለ ሁሉንም መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ በቅርብ የተያዘ ሰው ወዲያው ላይታይ ይችላልና ሐኪሙ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደገም ካዘዘ መደገም አለበት።

ለልጆቻችንም የሚደረግ አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ2007 ጀምሮ ከሕፃናት መደበኛ ክትባቶች ጋር ይሰጣል። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ክትባት ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። «ልጄ ጨዋ ናት፣ ምን ያደርግላታል?» የሚል አባት ቢኖር፣ ጨዋይቱ ልጅ ነገ የምታገባው ሰው ያለፈ ታሪክ በእጇ እንዳልሆነ ያስታውስ።

ለማጠቃለል

ዛሬም በዓለም ዙሪያ ሊድኑ በሚችሉት በአራቱ ማለትም በቂጥኝ፣ በጨብጥ፣ በክላሚዲያና በትሪኮሞናስ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚያዙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በ2020 ብቻ ቁጥሩ 374 ሚሊዮን ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድ መርፌ ወይም በጥቂት ቀን ኪኒን የሚድኑ ናቸው። ታዲያ ያልጠፉት ለምንድን ነው? ለአራት መቶ ዓመት ሰው መድኃኒት አልነበረውም። ለሰማንያ ዓመት መድኃኒት አለው፤ የሚጎድለው የሚመረመር ሰው ነው።

አባቶቻችን ቁስሉ ሲደርቅ «ዳንን» ማለታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ከዓይናቸው ሌላ መመርመሪያ አልነበራቸውምና። እኛ ግን ደምን የሚያናግር ዘመን ላይ ነን። ሚስትዎ የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል በሦስት ወር ውስጥ ትጀምር። እርስዎም አብረዋት ይሂዱ፤ ክንድዎን አብረው ይዘርጉ። ውጤቱ ነፃ ከሆነ አልሐምዱሊላህ ብለው ይመለሳሉ፤ ካልሆነም መድኃኒቱ በዚያው አለ። ሁለታችሁ አብራችሁ ከገባችሁበት ክፍል የሚወጣ ወረቀት ለክስ አይመችም።